ጎራዴ ለጀግና፣ ዱላ ለምስኪን? የጌም ክላሶችን ወደ ሸዋ ስናመጣ

ጠራ_ሰፈር (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁም። ደብረ ብርሃን ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ማታ የጠረጴዛ ጌም እንጫወታለን፤ ዳይስ የሚጣልበት፣ አንዱ ታሪኩን እየመራ ሌሎቹ ገጸ ባሕርይ ይዘው የሚገቡበት ዓይነት። ታሪክ መሪው እኔ ነኝ። እስካሁን የነበርነው የፈረንጅ ዓለም ውስጥ ነው፤ ግንብ፣ ጫካ፣ ድራጎን። ክረምት ሲገባ ግን አንዱ ልጅ «ለምን ጣርማበርን አናደርገውም? ጉሙ አለ፣ ገደሉ አለ፣ ጭላዳው ራሱ ከነጋማው ጭራቅ ነው» አለና ነገሩ በዚያው ተጀመረ። ካርታውን ጨርሰናል፤ ከአንኮበር እስከ መንዝ፣ ወደ ታች ደግሞ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ። ዘመኑን ቁርጥ አላደረግነውም። ጠመንጃ ገና ብርቅ የሆነበት፣ ጦርና ጋሻ ሥራ ያልፈቱበት ጊዜ በሉት።

የተጣላነው ክላስ (የገጸ ባሕርይው ዓይነት) ላይ ነው። ፋንታሲ ጌም የነካ ሁሉ እንደሚያውቀው መሣሪያውን ካየህ ሰውየውን አወቅኸው። ሰይፍ የያዘው ዋናው ጀግና ነው፣ መጥረቢያ የያዘው ቁጡ፣ ቀስት የያዘው ጫካ ያደገ፣ ጩቤ የያዘው ሌባ፣ ረጅም በትር የያዘው አስማተኛ፣ የብረት ዱላ የያዘው ቄስ። ይሄ አመል የመጣው በ1974 በፈረንጆች ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለው የጠረጴዛ ጌም ሲወጣ ነው። ያኔ ክላሱ ሦስት ብቻ ነበር፤ ተዋጊ፣ አስማተኛና ቄስ። ተዋጊው ያሻውን ያነሳል፤ አስማተኛው ከጩቤ በቀር አይፈቀድለትም፤ ቄሱ ስለት ያለው ነገር አይነካም። ሌባው በዓመቱ ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ጌሞች አብዛኞቹ፣ የኮምፒውተሩም የስልኩም፣ ከዚያው እየቀዱ ነው የኖሩት።

የእኛን ስንጀምር ጎራዴ ለተዋጊ ሰጠን። ደብተራው አስማተኛ ሆነ፤ መቋሚያ አስያዝነው። አዝማሪው ከነማሲንቆው ባርድ ነው፤ ሲሸልልና ሲያቅራራ የቡድኑ ጉልበት ይጨምራል፤ እዚህ ላይ ማንም አልተከራከረም። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጭቅጭቅ ነው። አንዱ «ጎራዴ የሹም ነው፣ ጀግናው የያዘው ጦር ነው» ይላል። ሌላው ሾተልን ለሌባ ስጡት ይላል፤ ምክንያቱን ስንጠይቀው ቆልማማ ስለሆነ! ድሩይድ የሚባለውን፣ አውሬ የሚታዘዝለትን ክላስ፣ በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ አምሳል እናድርገው፣ 60 አንበሳና 60 ነብር አብረውት ይሂዱ ያለም አለ። እኔ ይሄን ፈራሁት።

ዱላስ ማን ይያዝ? ጌም ላይ ዱላ ምንም ለሌለው ሰው ነው የሚሰጠው። እኛ ጋ ደግሞ ገበያ ሲሄድ ዱላ የማይዝ ባላገር አላውቅም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው፤ በእኛ አገር የትኛው መሣሪያ የማን ምልክት ነበር? ከመጽሐፍም ከአያቶቻችሁም የሰማችሁትን ጣል ጣል አድርጉ። ፖለቲካ ግን አታምጡብኝ።

አባ_ላግ

ሾተል ለሌባ ያለው ልጅ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለት የሚባለውን የኮምፒውተር ጌም አልተጫወተም ማለት ነው። በፈረንጆቹ 2015 አፍሪካን ኪንግደምስ የሚባለው ተጨማሪው ሲወጣ የኢትዮጵያ ልዩ ወታደር ሾተል ተዋጊ ሆኖ ገባ። ምቱ ከባድ፣ ልብሱ ስስ። ከሰፈሩ ወጥቶ ሲደርስ ሌላው ገና ጫማውን አላሰረም፤ ቀስተኛ ካገኘው ግን አለቀለት። የሾተል ባሕርይ እሱ ነው፤ ሌብነት ምን አመጣው? የተቆለመመውም የጠላትን ጋሻ ዞሮ ከኋላው እንዲያገኘው ነው።

ሲቪላይዜሽን ስድስት የሚባለው ጌም ላይ ደግሞ ምኒልክ አለላችሁ፤ በፈረንጆቹ 2020 ገባ። አንጎለላ የተወለደ የሰፈራችሁ ሰው። ልዩ ወታደሩ ጎራዴም ሾተልም አልያዘም፤ የኦሮሞ ፈረሰኛ ነው። ስለዚህ ፈረስ ራሱ ክላስ ይሁን እላለሁ። ስምም ይስተካከል፤ ተጫዋች በፈረሱ ይጠራ። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው ሲባል የኖረ አገር ላይ «ዳርክ ኪለር 99» ምን ይሠራል? እኔን እዩኝ።

ቆሎ_ተማሪ_ነበርኩ

መጀመሪያ መቋሚያውን ከመሣሪያ ዝርዝሩ አውጡት። ደብተራው ይያዘው፣ የሚይዘው እሱ ነውና፤ ጉዳት ግን አትጻፉበት። ማኅሌት ላይ ሌሊቱን ሙሉ የምትደገፈው በእሱ ነው፣ ዝማሜ ላይ የምታወዛውዘው እሱን ነው። ሲወዛወዝ የጌታን መገፋትና መንገላታት ያስታውሳል ብለው ነው ያስተማሩን። ከበሮው ላይ የተጠላለፈው ጠፍርም የግርፋቱ ሰምበር ነው። እዚያ ላይ ሄዶ «+2 ጉዳት» የሚጽፍ ሰው የኔታ ፊት ቢቀርብ ምን እንደሚገጥመው አልነግራችሁም።

እኔ መንዝ ዜማ ቤት ነበርኩ። አሁን ደብረ ብርሃን ስልክ እጠግናለሁ፣ ማታ ማታ እጫወታለሁ። የዱላውን ጥያቄ ለእኔ ተዉልኝ።

ኤልደን ሪንግ የሚባለው ጌም (በፈረንጆቹ የ2022ቱ) ላይ አሥር መነሻ ክላስ አለ። ዘጠኙ የየራሳቸውን ልብስና ትጥቅ ይዘው ይገባሉ፤ ጥሩር ያለው አለ፣ አስማት ያለው አለ። አሥረኛው ሬች ይባላል። ደረጃው 1፣ ገላው ላይ ኀፍረቱን ከሚሸፍንበት ጨርቅ በቀር የለም፣ እጁ ላይ አንድ ዱላ። ሳየው ሳቄ መጣ። ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ፣ ደበሎ ብቻ ነው የጎደለው!

የቆሎ ተማሪ ዕቃ ደበሎ፣ አኩፋዳና ዱላ ነው። ደበሎው የበግ ቆዳ ነው፤ ቀን ትለብሰዋለህ፣ ሌሊት ትተኛበታለህ፣ የመንዝ ብርድ ሲብስ ጠጉሩን ወደ ውስጥ ትገለብጠዋለህ። አኩፋዳው ለምነህ ያገኘኸው ቁራሽ የሚገባበት ነው። ዱላው የውሻ ነው። ውሻ ስል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለህ ደጅ ስትቆም መጀመሪያ የሚወጣው ባለቤቱ አይደለም። እና አዲስ ልጅ ሲሆን የሚያደርገው ዱላውን መሰንዘር ነው። ሰንዝረህ ከሳትህ ውሻው ገባብህ፤ ካገኘኸው ደግሞ ይጮህና የጎረቤቱን ውሻ ሁሉ ይጠራብሃል፣ ሴትዮዋም ውሻዬን መታብኝ ብለው ይገባሉ፣ ቁራሹም ይቀራል። ትልልቆቹ ልጆች የሚያሳዩህ ሌላ ነው። ጀርባህን ለአጥሩ ትሰጣለህ፣ የዱላውን ጫፍ ዝቅ አድርገህ መሬቱን እያስነካህ በአንተና በእሱ መሀል ግራና ቀኝ ትጠርጋለህ። ውሻው ዱላውን ይነክሳል። ይንከስ። አንተ ልመናህን ትቀጥላለህ፣ ዜማውም እንዳይሰበር።

በጌም አነጋገር ዱላ ማጥቂያ አይደለም ማለት ነው፤ ርቀት መጠበቂያ ነው። ለዱላ ያዥ ጉዳት ጨምሩለት አልልም፤ ጠላት እንዳይጠጋው የሚያደርግ ችሎታ ስጡት። ጌም ሠሪዎቹ ዱላን የምንም የለሽ ሰው ምልክት ማድረጋቸው ልክ ነው፤ እኛም ጋ ያው ነው። ግን ሬችን ጌሙ ውስጥ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እኛ ጋ በሩን የሚከፍቱት ሴትዮ ይሄ ደበሎ የለበሰ ልጅ ነገ መሪጌታ ሊሆን እንደሚችል ያውቃሉ፤ ሲሰጡም ያንን አስበው ነው።

ለደብተራው እውነተኛ መሣሪያ ከፈለጋችሁ ክታብ ስጡት። ጌም ላይ ስክሮል አንዴ ታነበዋለህ፣ ይጠፋል። የእኛው በሰው ልክ የሚሠራ ነው፤ ብራናው ከባለቤቱ ራስ እስከ እግሩ ተለክቶ ይቀጠላል፣ ከላይ እስከ ታች እንዲጠብቀው። የክርስትና ስሙ በቀይ ቀለም ይገባበታል። ከዚያ ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋና አንገት ላይ ይውላል። ሥዕሉ ላይ መልአክ ሰይፉን መዝዞ ቆሟል፣ ወይም ቅዱስ ሱስንዮስ ከፈረሱ ላይ ሆኖ ውርዝልያ የምትባለውን ጋኔን በጦር ይወጋል፤ ጽሑፉ ደግሞ ሰሎሞን አጋንንትን በመረብ እንዴት እንዳጠመደ ይናገራል። ደብተራው ሰይፍ አይዝም፣ ሰይፍ ይሥላል። ይሄ ለጌም እንዴት እንደሚመች አያችሁ? ለጓደኛህ ክታብ ለመሥራት ቁመቱን መለካት አለብህ፣ የክርስትና ስሙን ሊነግርህ ይገባል፣ ያንን ስም ያወቀ ደግሞ ሊጎዳውም ይችላል። ከሞተ ሰው አንገት ፈትቶ መውሰድ አይሠራም፤ ስሙ ተፍቆ የአዲሱ ሰው ስም መጻፍ አለበት። ስሙ እየተፋቀ የተላለፈ ክታብ በእውንም አለ።

ቄሱን በተመለከተ። የደንጀንስ ቄስ ስለት የማይነካው ደም ማፍሰስ ስለማይገባው ነው ይባላል። መነሻው ባዩ የሚባለው የ11ኛው ክፍለ ዘመን ጥልፍ ነው የሚሉ አሉ፤ እዚያ ላይ ጳጳስ ኦዶ በፈረስ ተቀምጦ ዱላ ይዞ ይታያል። ራስ በዱላ ሲፈነከት ደም አይወጣም ያለው ማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ያ ዱላ መምቻ ሳይሆን የአዛዥነት ምልክት ነው የሚሉ የታሪክ ሰዎችም አሉ፣ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። የእኛ ቄስ ሰው ከገደለ ክህነቱ ፈረሰ፤ በብረት ዱላም ቢሆን። ባዶ እጁን ነው ማለት ግን አይደለም፣ ግዝት አለው። መስከረም 17 ቀን 1909 አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ከልጅ ኢያሱ መሐላ ፈቱ፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ያ ሁሉ ሰው አለቀ። ሰገሌ ሸኖ አጠገብ ነው፣ እናንተ ዳይስ ከምትጥሉበት ሩቅ አይደለም። አቡነ ጴጥሮስም ሐምሌ 22 ቀን 1928 ከመረሸናቸው በፊት ሕዝቡ ለጠላት እንዳይገዛ ገዝተዋል። የሰላሌ ሰው ናቸው። እና እናንተ ቄሱን ቁስል ፈዋሽ ብቻ ልታደርጉት ነው? ግዝት የሚጥል አድርጉት። ያ ግዝት የወደቀበት ተጫዋች ከቡድኑ ጋር ማዕድ አይቆርስም፣ መሐላውን የሚያምንለት የለም፣ የትኛውም መንደር አያሳድረውም። ከእሳት ኳስ የባሰ ነው።

የይፋቱ

ልጆች፣ እኔ ጌም አልጫወትም። ይሄን ያነበበልኝ የልጅ ልጄ ነው፣ የምለውንም የሚጽፍልኝ እሱ ነው።

ቅዱሳንን ክላስ አታድርጉ። ጠያቂው ልጅ መፍራትህ ደግ ነው። አውሬ የሚታዘዝለት ባሕታዊ አድርጉትና ስም ሳትሰጡት ተዉት፣ ይበቃል።

ሁላችሁም ጎራዴ፣ ጦር፣ ዱላ ትላላችሁ። ጋሻን ዋና ነገር ያደረገ አንድ ሰው የለም። ጌማችሁ ላይ ጋሻ ያዡ ዱላ እየተቀበለ የሚቆም ነው አለኝ ልጁ። በእኛ አገር ሹም ጋሻውን ራሱ አይሸከምም፣ ጋሻ ጃግሬ አለለት። ጋሻው የጎሽ ቆዳ ነው። የተራው ሰው ቆዳው እንዳለ ነው፤ የሹሙ ግን ከፋይ ለብሶ፣ ብር ተለጥፎበት፣ ከወዲያ ማዶ ያበራል። ሠራዊት ሲመጣ ማን እንደመጣ የሚታወቀው በጋሻው ነው። ጎራዴማ አፎት ውስጥ ነው ያለው፣ ምን ያሳያል? ብርማው ጋሻም፣ ለምዱም፣ ጎፈሩም ሰው ሥራ ሠርቶ ከንጉሥ የሚቀበለው ነው። እናንተ ጀምራችሁ ለልጁ በመጀመሪያው ቀን አትስጡት። ያግኘው።

ሥዕል ከሣላችሁ ጎራዴውን በቀኝ ጎን አስታጥቁት። ግራ እጅ ጋሻ ላይ ነው ያለ። የዛሬ ሠዓሊ ሁሉ እንደ ፈረንጅ በግራ እያደረገ ያናድደኛል።

የአባቴ ጎራዴ ግድግዳ ላይ አለ። እጀታው ቀንድ ነው፣ አፎቱ ቀይ ቆዳ። ምላጩ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጿል። ከአንበሳው ሥር የፈረንጅ ፊደል ነበርና አንድ የተማረ ሰው አነበበልኝ፤ ዞሊንገን ይላል፣ የጀርመን ከተማ ነው። ለካስ ተሠርቶ በባሕር የመጣ ነው። ጦሩ ግን እዚሁ ከታችኛው መንደር የተቀጠቀጠ ነው። ስለዚህ ጎራዴ ለጀግና ከማለታችሁ በፊት ማን ሊገዛው ይችል እንደነበር አስቡ።

ሰውንም በመሣሪያው አትክፈሉት። በሚቆምበት ክፈሉት። ፊታውራሪ ፊት ነው፣ ቀኝአዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ፣ ደጀኑ ከኋላ። ጠመንጃ ያገኘ ጠመንጃ ይይዛል፣ ያላገኘ ጦር፣ ጦርም ያጣ ዱላውን ይዞ ይዘምታል። ከድል በኋላ ነው መሣሪያ የሚቀያየረው።

የገንቦ_ልጅ

አባባ፣ እጅ ነስቼ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከታችኛው መንደር የተቀጠቀጠው ጦር፣ ማን ቀጠቀጠው?

አጎቴ ቀጥቃጭ ነው፣ እናቴ ሸክላ ትሠራለች። ከየት ቀበሌ እንደሆንን አልጽፍም። እስካሁን እዚህ ክር ላይ የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ፤ ተዋጊ አለ፣ ደብተራ አለ፣ ቄስ አለ፣ አዝማሪ አለ፣ ውሻ እንኳ አለ። ብረቱን የሚሠራው ሰው የለም።

ዳርክ ሶልስን በወንድሜ ኮምፒውተር ተጫውቻለሁ። እዚያ ላይ አንድሬ የሚባል ቀጥቃጭ አለ፤ ጢሙ ነጭ፣ ደረቱ ራቁቱን የሆነ ሽማግሌ። ገና ሳታየው የመዶሻውን ድምፅ ትሰማለህ፣ ስትሰማውም እፎይ ትላለህ፣ ምክንያቱም አጠገቡ ማረፊያ አለ፣ የተበላሸ ይጠገናል፣ እሱም ደህና ቃል ይናገርሃል። እኔ ያንን ድምፅ ስሰማ የማስበው ሌላ ነው። አጎቴ ብረት ሲመታ ከመንገዱ ወረድ ብለው በታች በኩል የሚያልፉ ሰዎች ነበሩ፣ ልጅ ካዘሉ ደግሞ ፊቱን ሸፍነው። ቡዳ ነዋ። ማታ ጅብ ይሆናላ። ጠዋት ግን ማረሻው የደነዘዘበት፣ ማጭዱ የተሰበረበት፣ ያው ሰውዬ ደጃችን ቆሞ እሳቱ እስኪሞቅ ይጠብቃል። አጎቴ ፍየል ቆዳውን ወናፍ እየነፋ «ተቀመጥ» ይለዋል። ቆሜ ይሻለኛል ይላል።

እናቴ ምጣድ ለገበያ ስታወጣ ገዢዋ በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ ታዳምጣለች፤ ስንጥቅ ያለው ምጣድ ድምፁ ይታፈናል። ጥሩ ከሆነ ትከራከራለች፣ ትገዛለች፣ ቤቷ ወስዳ ታሟሸዋለች፣ ዕድሜ ልኳን እንጀራ ትጋግርበታለች። ከእናቴ እጅ ግን አንድ ጉርሻ አትቀበልም። ምጣዱ ላይ ያለው የማን እጅ እንደሆነ ነው የማይገባኝ። ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ከልክለው አዋጅ አስነግረዋል፤ አዋጁ መቶ ዓመት አልፎታል፣ ስድቡን ግን እኔ ትምህርት ቤት ሰምቼዋለሁ።

እና ጠራ ሰፈር፣ ጌማችሁ ውስጥ ቀጥቃጩን ከጀርባ ዕቃ ሸጦ የሚጠፋ ሰውዬ አታድርጉት። በተጫዋች የሚያዝ ክላስ ይሁን። ጥሩ ሰው አድርጋችሁ ደግሞ አታሳምሩት። ያለ እሱ ጦር የለም፣ ማረሻ የለም፣ ቢላ የለም፤ መንደር ሲገባ ግን የሚያሳድረው የለም። ተጫዋቹ ይሄንን በገዛ ገጸ ባሕርይው ይቅመሰው። ሴት ልሆን ካልኩም ሸክላ ሠሪ ልሁን፤ ሠራዊት ውኃውንና ጠላውን በምን ተሸክሞ የሚሄድ መሰላችሁ? ጌም ላይ ሴት ሲመጣ ነጭ ለብሳ የምትፈውስ ናት። እኔ እጄ ጭቃ ነው።

የይፋቱ

ልጄ፣ ሰውየውን አውቀዋለሁ። ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነበር። ስሙን ጠርቼው አላውቅም፣ ሁላችንም በሙያው ነበር የምንጠራው። አባቴ ጦሩን ሲያሠራ እኔ ልጅ ሆኜ ጤፍ ተሸክሜ አብሬው ሄጃለሁ፣ ዋጋው ጤፍ ነበርና። ቁናውን ደጅ አስቀምጠን ነው የተመለስነው፣ አልገባንም።

ጠራ_ሰፈር

እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ተሰብስበን ያረፍንበትን ልንገራችሁ።

የአባባን ሐሳብ ወስደናል። ክላስ በመሣሪያ መሆኑ ቀርቶ በቦታ ሆኗል፤ ፊት፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ደጀን፣ ከሠራዊቱ ውጪ ያሉት ደግሞ ለብቻ። መሣሪያ ማንም ያገኘውን ይይዛል። ብርማ ጋሻ የሚገኘው በሽልማት ብቻ ነው፣ ያገኘውም ሰው ከፈለገ ጋሻ ጃግሬ ይቀጥራል፤ ጋሻ ጃግሬው ቢከዳ ምን እንደሚሆን ገና እየተከራከርን ነው። ድሩይዱ ስም የሌለው ባሕታዊ ሆነ። ደብተራው በክታብ ነው፤ አንዱ ጓደኛችን የክርስትና ስሙን ለደብተራው አልናገርም ብሎ ከወዲሁ ተጠራጥሯል፣ ጨዋታው ገና ሳይጀመር። ግዝቱ በጣም ከበደን፤ አንዴ ከወደቀ ተጫዋቹ ምን ይዞ ይጫወታል? በንስሐ ይፈታ ካልን ደግሞ ቀለለ። ቆሎ ተማሪ፣ እዚህ ላይ እርዳን።

አባ ላግ፣ የፈረስ ስም ገብቷል። ፈረሱ ከሞተ ስሙ አብሮ ይሞታል።

እህቴ የገንቦ ልጅ፣ ቀጥቃጩን ለመጻፍ ሞከርኩና ብዕሬን አስቀመጥኩ። ችሎታውን መጻፍ ቀላል ነው። ሌሎቹ ተጫዋቾች እሱን እንዴት ይያዙት የሚለው ላይ ነው የቆምኩት። ደንብ አድርጌ «አብራችሁ አትበሉ» ብዬ ላዛቸው? ወይስ ለእነሱ ልተወው?

ቆሎ_ተማሪ_ነበርኩ

ንስሐው ቀኖና ይኑረው እንጂ። ግዝት በዳይስ አይፈታም። ቄሱ የሚያዘውን መፈጸም አለበት፣ ይጹም፣ ይስገድ፣ የበደለውን ሰው ሄዶ ይካስ። የበደለው ሰው ሞቶ ከሆነ ዘመዱን ይፈልግ። ከዚህ አንድ ሙሉ ወቅት የሚያጫውት ታሪክ ታወጣለህ።

የገንቦ_ልጅ

አትዘዛቸው። ካዘዝካቸው የአንተ ደንብ ይሆናል፣ እነሱ ንጹሕ ይሆናሉ።

እንዲህ አድርገው። ከቀጥቃጩ ጋር አንድ ማዕድ የቆረሰ ተጫዋች መንደር ሲደርስ ሰዎቹ የሚሰጡት ነገር ይቀንስ፤ ማደሪያ አያገኝ፣ ጠላ አይቀዳለት። ያልቆረሰ ምንም አይጉደልበት። ከዚያ ይምረጡ። ቀጥቃጩም የራሱ ምርጫ ይኑረው፤ የማንን ጦር እንደሚያስል፣ የማንን «ከሰል አልቋል» ብሎ እንደሚመልስ እሱ ይወስን። አጎቴ ያደርገው ነበር። ከሰሉ እዚያው ቁልል ሆኖ እየታየ።

እኔ ይሄን ክላስ እጽፍልሃለሁ፣ ከነዋጋ ዝርዝሩ። ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ይግቡበት እንጂ ጦር ብቻ አይሁን፤ ቀጥቃጭ ኑሮው በማረሻ ነው። ዳይስ ግን የለኝም፣ ደብረ ብርሃን ከየት ነው የምትገዙት?

አባ_ላግ

አይገዛም። እኔ ከእንጨት ቀርጬልሃለሁ ብሎ አንዱ ሸጦልኝ እስካሁን ስድስት ብቻ ነው የሚወጣው። ለመጀመሪያው ቀን እሱን ውሰጂ፣ ቀጥቃጩ ይጠቀምበት።